ፊርማው የእኔ ነው

ሰኞ፣ 2

ዛሬ ሾሙት። ማለቴ፣ አጩት። ገና በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል፤ ሬዲዮው ግን ነገሩ ያለቀ ያህል ነው ያወራው። የመከላከያ ሚኒስቴር ዋና የሕግ አማካሪ! ሻይ እንደያዝኩ ቆሜ ሰማሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እኔ ነደድኩ።

ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ይህ ሰው ተማሪዬ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ያረምኩት እኔ ነኝ። ለሚኒስቴሩ የሕግ አማካሪ ቦርድ ጸሐፊ እንዲሆን እጁን ይዤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቦርዱን በሰብሳቢነት ስመራ ከጎኔ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ይጽፍ ነበር። ከአሥራ አራት ወር በፊት ለደኅንነት ቢሮው ስም የሌለው ደብዳቤ ገባ። «ሰብሳቢው እጃቸው ንጹሕ አይደለም» ይላል። አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቁኝ የምስጢር ሰነድ የማየት ፈቃዴን አነሱት። መታወቂያዬን በር ላይ ወታደር ተቀበለኝ፣ «ይቅርታ ጋሼ» እያለ። በሳምንቱ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ማን ነው? እሱ።

ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ክፍል ሳለ ጓደኞቹ «ለስላሳው» ይሉት ነበር፤ ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም። አፉ ቅቤ፣ ሆዱ ጩቤ።

ማክሰኞ፣ 3

ዲኑ ኮሪደር ላይ አቀፈኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት! የእርስዎ ልጅ እኮ ነው!»

«አዎ፣ የእኔ ልጅ ነው» አልኩት። በግድ ፈገግ ከማለቴ የተነሳ መንጋጋዬን አሁንም ያመኛል።

መጸዳጃ ቤት በሩን ዘግቼ ሳለሁ ሁለት ወጣት መምህራን ገቡ። በስሜ አይጠሩኝም፤ «አንቀጽ» ነው የሚሉኝ።

«አንቀጽ ዛሬ ፊቱን አየኸው? ሎሚ የመጠጠ ነው የሚመስለው።»

«ተወው ባክህ። አሁን ማን ያስታውሰዋል?»

እጃቸውን ታጥበው እስኪወጡ ጠበቅሁ። ለካ ሰው እጁን ሲታጠብ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ሐሙስ፣ 5

በየዓመቱ በዚህ ሳምንት የማስተምረው ስለ ጥርጣሬ ነው። በተለምዶ ሰላማዊ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሕንፃ፣ ትምህርት ቤት ይሁን መኖሪያ ወይም ፋብሪካ፣ ለጦር ሥራ መዋሉ ካጠራጠረ አልዋለም ተብሎ ይወሰዳል። ዋለ ብንል እንኳ ጥያቄው አያበቃም። ውስጥ ማን አለ? በስንት ሰዓት? በሌላ ሰዓት ቢመታ ስንት ሰው ይተርፋል? ይህን እንቅልፌ ውስጥም እናገረዋለሁ።

ከፊት የምትቀመጠው መነጽራሟ ተማሪ እጇን አወጣች። «ፕሮፌሰር፣ መጠራጠር ያለበት ማን ነው? አዛዡ ነው ወይስ የሕግ አማካሪው?»

«ሁለቱም» አልኳት። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለምን እንደከነከነኝ አላውቅም።

ከክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዱቄት ፋብሪካው! እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም?

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ጦርነቱ በጋለበት ወር፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ዱቄት ፋብሪካ ተመታ። ለተዋጊዎቹ ስንቅ ይፈጫል ተብሎ ነበር። ቦርዱ «ሕጋዊ ዒላማ ነው» የሚል የሁለት ገጽ አስተያየት ሰጥቷል። ቦምቡ የወደቀው ፈረቃ ሲቀያየር ነው፤ የሚወጡትና የሚገቡት በር ላይ እንደተገናኙ። ሠላሳ አንድ ሰው። የፈረቃውን ሰዓት ያጣራ አልነበረም። አስተያየቱን ያረቀቀው ለስላሳው ነው። የፈረመውም ለስላሳው ነው፤ እኔ ለጉባኤ ወደ ውጭ እየተነሳሁ ስለነበር «ስለ ሰብሳቢው» ብሎ ፈርሟል። ወረቀቱ ላይ የእኔ ስም የለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ረስቶት ከሆነ፣ እኔ አስታውሰዋለሁ።

ቅዳሜ፣ 7

ባለቤቴ ፋርማሲዋን ዘግታ ስትገባ ሳሎን ተቀምጬ አገኘችኝ።

«ምን አግኝተህ ነው ብቻህን የምትስቀው?»

መሳቄን አላወቅሁም ነበር። ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ሰማችኝና አንዱን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«ይህ ልጅ እናቴ ስትሞት ሬሳዋን የተሸከመልን ነው።»

«ተሸክሞ ሲያበቃ እኔን ቀበረኝ።»

«ደብዳቤውን እሱ እንደጻፈው በምን አወቅህ?»

«ማን ተጠቀመ? ወንጀል ሲጣራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።»

«ለተማሪዎችህ እንዲህ ብለህ ነው የምታስተምረው?» ጫማዋን አስቀመጠች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ።»

«እኔ መቼ ጸለይኩ?»

ሳትወድ በግድ ሳቀች። ከዚያ ግን ተነስታ ራት አቀረበች። ወጡን ስትጨልፍ መድኃኒት የምትመዝን ትመስል ነበር።

ሰኞ፣ 9

አስተያየቱ አምስት ዓመት ስላለፈው ኮሚቴው በጽሑፍ ከጠየቀ ከሚኒስቴሩ ይወጣል። የመዝገብ ቁጥሩ ያስፈልጋል። ለመዝገብ ቤቷ ሴት ደወልኩላት። አሥራ አንድ ዓመት ፋይል ያመላለሰችልኝ ናት፤ ጸጥ ያለች፣ ከጠረጴዛዋ ቀና የማትል።

«የፋብሪካውን አስተያየት ቁጥር ፈልጊልኝ እስቲ።»

«የትኛውን ቅጂ ነው፣ ፕሮፌሰር?»

«የተፈረመውን ነዋ!»

«የተፈረመውን ብቻ?»

«ሌላው ምን ያደርግልኛል? ረቂቅ እኮ ሰነድ አይደለም።»

ቁጥሩን ነገረችኝ፤ መዝገብ ሳታገላብጥ፣ እንደ ራሷ ስልክ ቁጥር። የሚገርም ጭንቅላት ነው ያላት።

ረቡዕ፣ 11

ችኮላ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ቢሮ። አሥር ደቂቃ ብቻ። የቀድሞ ዳኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነው የሚያዳምጡት። ሰነዱን ሊያስመጡ ተስማሙ። ምስክርነት ልሰጥ ተስማማሁ።

በሩ ላይ፣ «ፕሮፌሰር፣ ይህን የሚያደርጉት ለሕጉ ነው ወይስ ለራስዎ?» አሉኝ።

«ለሠላሳ አንዱ ሰዎች» አልኳቸው፣ ዐይኔን ሳልሰብር። ጥሩ መልስ ነበር። መንገድ ላይ ስለማመደው ነው የሄድኩት።

ዓርብ፣ 13

እሱ ራሱ ደወለ! ከአሥራ አራት ወር በኋላ።

«ጤና ይስጥልኝ ፕሮፌሰር። የፋብሪካውን ጉዳይ ሊያነሱ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«ይነሳ እንጂ። ምን አስፈራህ?»

«የምፈራው ለራሴ አይደለም።» ድምፁ ያው ነው፣ ጥጥ። «እርስዎ ይቅርብዎት ብዬ ነው።»

«ትዝትብኛለህ?»

«ኧረ እኔ!... ፕሮፌሰር፣ በውኑ አያስታውሱትም?»

ዘጋሁበት። ዛቻ ነው። ቃል በቃል ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር። ስምንት ሰዓት ከሩብ።

«በውኑ አያስታውሱትም?» ምኑን?

እሁድ፣ 15

የምስክርነት ቃሌን ለአራተኛ ጊዜ ጻፍኩት። «ጥፋተኛ» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አልተጠቀምኩም። ሕጉን አስቀምጣለሁ፣ ሰነዱን ከጎኑ አስቀምጣለሁ፤ ሌላውን ዐይን ያለው ያያል። የሰለጠነ ሰው የሚበቀለው እንዲህ ነው።

ረቂቁን አይቼው እንደሆነ ትዝ አይለኝም። አይቼው ይሆናል። በዚያ ሳምንት በእጄ ያላለፈ ወረቀት አልነበረም። ሻንጣ እያዘጋጀሁ ነበር፤ ሾፌሩ ታች ሆኖ ጡሩምባ ይነፋል፣ እሱ ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሁልጊዜ ወረቀት ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው ነበር። ከዚህ ሌላ የማስታውሰው የለም።

ባለቤቴ ሰማያዊውን ክራቫት ተኮሰችልኝ። አልጨቀጨቀችኝም። ብትጨቀጭቀኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ 17

አለቀ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ለስላሳው ብቻውን ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ይህን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ እኔ ተጠራሁ። ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ፤ ወረቀት አላየሁም። ጥርጣሬ ሲኖር ምን እንደሚባል፣ የጥንቃቄ ግዴታ ምን እንደሆነ፣ የፈረቃ ሰዓት ለማወቅ አንድ ቀን መጠበቅ ብቻ ይበቃ እንደነበር። ጋዜጠኞቹ ሲጽፉ የብዕራቸው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስንት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ያዳመጠኝ ክፍል የለም።

ከዚያ ሊቀመንበሯ ወደ እሱ ዞሩ።

«ይህን አስተያየት ያረቀቁት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ስለ ፈረቃው ሰዓት አንድም ቃል የለበትም። አላሰቡትም ነበር?»

አየኝ። ያየኝ፣ ተማሪ ሳለ መልሱን እያወቀ ሌሎች ቀድመው እንዲመልሱ በሚጠብቅበት ዐይኑ ነው። ዐይኔን ሰበርኩ። ለምን እንደሰበርኩ አልጽፍም።

«በተፈረመው ላይ የለም» አለ።

«የፈረመው ማን ነው?»

«ፊርማው የእኔ ነው።»

«የሚጨምሩት አለ?»

ውሃውን አንስቶ ጠጣ። እስከ መጨረሻው ጠጣ። «የለም፣ ክብርት ሊቀመንበር።»

ከኋላ ወንበሮች አንዲት ሴት ተነስታ በሩን ገፍታ ወጣች። በጀርባዋ የመዝገብ ቤቷን ሴት መሰለችኝ።

ረቡዕ፣ 18

እጩነቱን አነሱት! በስድስት ሰዓት ዜና ተነገረ። ከቦርዱም ታግዷል።

አሸነፍኩ። እጄ አመድ አፋሽ ሆኖ አልቀረም። ዲኑ ሰላምታውን አሳጠረ፤ ሁለቱ ወጣቶች ኮሪደር ላይ መንገድ ለቀቁልኝ። «አንቀጽ» ይበሉኝ እስቲ አሁን!

ኬክ ገዝቼ ገባሁ። ባለቤቴ ሳጥኑን አየችው። «ማን ተወልዶ ነው?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ለብቻዬ ሁለት ቁራሽ በላሁ። ከሚገባው በላይ ጣፋጭ ነው።

ዓርብ፣ 20

ክፍል ውስጥ መነጽራሟ ተማሪ እንደገና።

«ፕሮፌሰር፣ በዜና እንደሰማነው ጸሐፊው የፈረመው ስለ ሰብሳቢው ነው። ታዲያ የመጨረሻው ቃል የሰብሳቢው አይደለም?»

«የዛሬው ርዕስ የጦር ምርኮኞች ነው።»

«አውቃለሁ፤ ግን ባለፈው ሁለቱም ይጠራጠራሉ ብለውን...»

«ውጪ!» አልኳት።

ደብተሯን ሳትዘጋ ይዛ ወጣች። በማስተማር ዘመኔ ተማሪ አስወጥቼ አላውቅም ነበር። ቀሪውን ሰዓት ስለ ምርኮኛ ክብር ተናገርኩ።

ሰኞ፣ 23

ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቷ ሴት ቢሮዬ መጣች። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ እንደመጣች ነገረችኝ። ተቀመጪ አልኳት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ልታመሰግነኝ የመጣች መስሎኝ ነበር! እግዜር ያሳያችሁ።

«ደብዳቤውን እሱ አልጻፈውም» አለች።

«የቱን ደብዳቤ?»

«የእርስዎን። ለደኅንነት ቢሮው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሳቅሁ መሰለኝ። «አንቺ? ምን አድርጌሽ?»

«ወንድሜ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሚዛን ላይ ነበር የሚሠራው። ጆንያ ይመዝናል። ከሥራ እየወጣ ነበር።» እንደ ፋይል ቁጥር ነው የምትናገረው፣ ሳታነሳ ሳትጥል። «አራት ዓመት ተኩል ፋይሉን አልነካሁትም። ከዚያ ሚኒስትሩ ለሌላ ጉዳይ አስመጡትና እጄ ላይ ተከፈተ። ረቂቁም አብሮ አለ። እኛ ጋ ምንም ወረቀት አይጣልም፣ ፕሮፌሰር። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያንን መመሪያ ያወጡት።»

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አደረገች። ፎቶ ኮፒ ነው። የእሱ ረቂቅ። ሦስተኛው አንቀጽ፦ «የሠራተኞች ፈረቃ የሚቀያየርበት ሰዓት አልተጣራም። እስኪጣራ ቢያንስ አንድ ቀን እንዲጠበቅ ቦርዱ ያሳስባል።» ከዳር እስከ ዳር ተሰርዟል። ኅዳጉ ላይ በእጅ ጽሑፍ፦ «መረጃው በቂ ነው። ጥርጣሬን ለመምህራን ተውላቸው።»

እጅ ጽሑፉን ማንም ተማሪዬ ያውቀዋል። የፈተና ወረቀታቸው ላይ ሃያ ስምንት ዓመት አይተውታል።

«ለምን ያኔ በስምሽ አልጻፍሽም?» አልኳት።

«ልጆች አሉኝ፤ ፈራሁ። እጃቸው ንጹሕ አይደለም ብዬ ጻፍኩ፤ ይመረምራሉ፣ ፋይሉን ይከፍታሉ ብዬ። ማንም አልከፈተም። ጉቦ መሰላቸው። እርስዎን አስወጥተው ዝም አሉ። ይሁን፣ ይህችም አትናቅም ብዬ ተቀመጥኩ።» ቦርሳዋን ዘጋች። «ባለፈው ማክሰኞ ግን ያ ሰውዬ ሲወድቅ አየሁ። ጠብቁ ብሎ የጻፈው እሱ ብቻ ነበር። ለእርስዎ የወረወርኩት እሱን መታው።»

«አሁን ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እርስዎ ራስዎ ለኮሚቴው እንዲሰጡት። እስከሚቀጥለው ሰኞ። ያለዚያ እኔ እሰጠዋለሁ፣ አሁን በስሜ። የመጨረሻ ልጄም ዘንድሮ ሥራ ይዟል።»

ተነሳች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «በዚያ ስልክ የትኛውን ቅጂ ብዬ የጠየቅሁዎት ዕድል ልሰጥዎት ብዬ ነበር» አለች።

ማክሰኞ፣ 24

አልተኛሁም።

እሱ ያውቅ ነበር። ሙሉውን ያውቅ ነበር። ውሃውን ጠጥቶ ዝም አለ።

ለምን?

ረቡዕ፣ 25

ሕጉን አውቃለሁ። የመንግሥት ሰነድ ያለ ፈቃድ ከመዝገብ ቤት ያወጣ ሠራተኛ በእስራት ይቀጣል። አንቀጹን በማርቀቅ የረዳሁት እኔ ነኝ። ለደኅንነት ቢሮው ክስ ጻፍኩ፤ ስሟን፣ የሥራ መደቧን፣ የመጣችበትን ቀንና ሰዓት። አንድ ገጽ ከግማሽ። በሕይወቴ እንደዚህ ጥርት ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ፖስታ ውስጥ አስገባሁት።

ከታሰረች ቃሏን ማን ይሰማዋል? በስርቆት የተከሰሰች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ።

አውጥቼ አነበብኩት። «ረቂቅ ሰነድ አይደለም» ብያት ነበር። ሰነድ ካልሆነ ምን ሰረቀች? በዚህ ክርክር ማንኛዋም ጠበቃ ታሸንፋለች። ፖስታውን አሸግሁት፣ ቢሆንም።

ቅዳሜ፣ 28

ባለቤቴ ፖስታውን አግኝታዋለች። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ ከጎኑ ደግሞ የረቂቁ ኮፒ። ሁለቱን እንደ ሐኪም ማዘዣ ጎን ለጎን አድርጋ ታነባለች።

«ይቺ ሴት ማን ናት?»

ነገርኳት። ሁሉንም። ስነግራት ነው የሰማሁት፤ ለራሴ እንደዚያ አድርጌ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«ስትሰርዘው ታስታውሳለህ?» አለችኝ።

አላስታውስም ልላት አፌን ከፈትኩ። ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት።

«አስታውሳለሁ» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን ጀምሮ።»

አልጮኸችም። የክሱን ወረቀት አጥፋ ፖስታው ውስጥ መለሰችው፤ አልቀደደችውም። «ይህን ከላክኸው እኔ እህቴ ጋ ነኝ» አለች። «ሌላኛውን ከሰጠህ እዚሁ ነኝ። ስለ ወደድኩህ አይደለም፤ ሰው ብቻውን ሲዋረድ ጥሩ ስላልሆነ ነው።»

ፖስታውን በእጄ ቀደድኩት። በጥርሴም ብቀደው ደስ ባለኝ።

ሰኞ፣ 30

ሦስት ሰዓት ከሃያ። ለሊቀመንበሯ ሰጠሁ። ረቂቁንና አንድ ገጽ የራሴን ቃል።

አነበቡ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ እንደገና አነበቡ። «ሐሙስ በቃልዎ ይደግሙታል» አሉ። ጨበጡኝ? አልጨበጡኝም።

ለዲኑ ደወልኩ። ከማስተማር ለጊዜው እንድቆጠብ እሱ ከማለቱ በፊት እኔ አልኩት። ሲያመሰግነኝ ድምፁ ቀለለ።

ማክሰኞ፣ 1

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ለስላሳው ነው። ባለቤቴ «ግባ ልጄ» አለችው፤ ገባ፣ ግን አልተቀመጠም። ሊቀመንበሯ ጠርተውት ነግረውታል።

ቀድሜ ተናገርኩ። «ያን ቀን ዝም ስላልክልኝ...»

«ለእርስዎ ብዬ ነው መሰለዎት?»

ድምፁ ከፍ አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማሁት፤ የጓዳው ብርጭቆ ሳይቀር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እያወቁት እንዲኖሩ! አፌን ብከፍት ኖሮ ሁለታችንም እንወድቅ ነበር፣ እርስዎም ጥፋትዎን ከእኔ ጋር ተካፍለው ይቀልልዎት ነበር። ዝም ስል ግን ለብቻዎ ይሆናል። በየቀኑ ክፍል ገብተው ስለ ጥርጣሬ እያስተማሩ፣ ማንም ሳያውቅ፣ እኔ እንደማውቅ ብቻ እያወቁ። እስኪሞቱ ድረስ። ሥራዬን የሰጠሁት ለዚህ ነው።» ትንፋሽ አጠረው። «እርስዎ ያሉትን ሳልቃወም ስድስት ዓመት ፊርማዬን ተሸክሜያለሁ። በምላሹ ያገኘሁት ያችን ዝምታ ብቻ ነበር። እሷንም ወሰዱብኝ!»

«እንዳትወቀስ ብዬ...»

«ማን ለመነዎት?»

ባለቤቴ ሻይ ይዛ መጣች። ሻዩን አየው፣ እሷን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል አነሳችው። ወጣ።

እዚህ ማንም አያነበውም፤ ስለዚህ ልጻፈው። እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ፣ ያ የማይደፈርስ ሰው በእኔ ቤት ሳሎን ሲጮህ፣ ደስ አለኝ። ከጥፋቴ ጋር፣ ከኀፍረቴ ጋር፣ እዚያው መሐል ደስ አለኝ። የሱን በቀል ቀማሁት። ሠላሳ አንድ ሰው ተቀብሮ እኔ ገና የምቆጥረው የእኔንና የሱን ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ 3

ዛሬ አዳራሹ ግማሽ ነበር። ጋዜጠኞቹ ቀንሰዋል። ለስላሳው አልመጣም። ሹመቱ ለሌላ ሰው ስለተሰጠ የሱ ጉዳይ እንደማይከፈት ሊቀመንበሯ መጀመሪያ አሳወቁ። የእኔ ቃል ሹመቱን አልመለሰለትም። እመልስለታለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅሁት።

«የተሰረዘውን አንቀጽ ያንብቡልን» አሉኝ።

አነበብኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም።

«ኅዳጉን።»

ኅዳጉንም አነበብኩ። ከኋላ አንድ ሰው ባጭሩ ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ ነው። ትክክል ነው።

«ለምን ሰረዙት?»

ሦስት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ሕግ ነበሩ። የመረጃው ጥራት፣ የወቅቱ አጣዳፊነት፣ የአዛዡ ሥልጣን። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«በዚያ ሳምንት ሰኞ በነበረው ስብሰባ» አልኩ፣ «ስለ አንድ ድልድይ ተጠራጠርኩ። ይጣራ አልኩ። ጄኔራሉ ‘መምህሩ ፈሩ’ አሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሐሙስ ዕለት የፋብሪካው ረቂቅ መጣልኝ። እንደገና እንዲስቁብኝ አልፈለግሁም።»

ሊቀመንበሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ከዚያ የሚቀጥለውን ጉዳይ ጠሩ። ስለ ወታደራዊ ጡረታ ነበር።

ከባለቤቴ ጋር ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የመዝገብ ቤቷን ሴት አሳንሰሩ ፊት አገኘኋት። ካፖርቷን እየቆለፈች ነው። ባለቤቴ ክንዴን ለቀቀችና ወደ ኋላ ቀረች። ምን እንደምላት አላዘጋጀሁም። ይቅርታ ልበላት? ይቅርታ የሚባለው ለረገጡት እግር ነው።

«ወንድምዎ» አልኳት፣ «ስማቸው ማን ነበር?»

ቁልፏን ጨርሳ ቀና አለች። አሥራ አንድ ዓመት ስታመላልስልኝ ዐይኗን አይቼው አላውቅም።

«አሁን?» አለችኝ።

አሳንሰሩ ተከፈተ። ገባች። በሩ እስኪዘጋ ዐይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፣ ስሙንም አልነገረችኝም።